ያቺ አረንጓዴ ፎቶ ምን ትመሰክራለች? ስለ ቫይታሚን ሲ እና ኮላጅን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

አክስቴ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ቴሌግራም ታነባለች። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። «ልጄ፣ ይቺን አንብብልኝ። እንክብሉን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? መቼም ይሄ ነገር ሥራህ ነበር» ትላለች።

ጽሑፉ ከእሷ በፊት ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። አንዴ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ አንዴ ከዕድራችን ግሩፕ። ስለ ቫይታሚን ሲ እና ስለ ኮላጅን ነው የሚያወራው። ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ቋንቋው ቀላል ነው፣ ዓይን የሚስብ ፎቶም አለው። ከጸሐፊው ጋር መነሻው ላይ ጠብ የለንም። የተለያየነው መድረሻው ላይ ነው።

አክስቴ እንዳለችው ነገሩ ሥራዬ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ለሁለት ዓመት ያህል ግን የጅማትና የቆዳ ናሙና በሌዘር ማይክሮስኮፕ ፎቶ ሳነሳ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ፎቶዋን ሳያት ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ያላሉትን ብዬ እንዳልከራከራቸው በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ላስቀምጥ። እንዲህ ይላሉ። ኮላጅን ሰውነታችንን አያይዞ የያዘ ፕሮቲን ነው፤ ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ስለዚህ ቫይታሚኑን በጨመርን ቁጥር ኮላጅናችን ይጨምራል፤ በቀን 2000 ሚሊ ግራም መውሰድ ያስፈልጋል። ማስረጃው የማይክሮስኮፕ ፎቶ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ያገኘው ቲሹ (የሕዋሳት ስብስብ ማለት ነው) በአረንጓዴ ያበራል፣ ያላገኘው ጨለማ ነው። ይህንኑ ዛሬ በውበት ሳሎን ባለ የእጅ መሣሪያ በ5 ደቂቃ ማየት ይቻላል። የእኛ ምግብ ደግሞ እሳት ስለሚያይ ቫይታሚኑ አይተርፈውም፤ እንክብል ግድ ነው። ትርፉ በሽንት ስለሚወጣ ማንንም አይጎዳም። በ7 ቀን ውስጥም ቆዳ ይታደሳል።

በትክክል ያስቀመጥኩት ይመስለኛል። አሁን ወደ መልሱ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ልክ ነው። እንዲያውም ነገሩ እሳቸው ከጻፉት በላይ ያስገርማል። ኮላጅን ከሦስት ክር የተገመደ ገመድ ነው። እያንዳንዱ ክር ላይ ወደ 1000 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች፣ የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች፣ ተደርድረዋል። በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን የምትባለው፣ ከሁሉም ትንሿ፣ ትቀመጣለች። እሷ ትንሽ በመሆኗ ነው ክሮቹ ተጠጋግተው መገመድ የሚችሉት። ግን የተገመደ ነገር ሁሉ ይዞ አይቆይም፤ እንዳይፈታ የሚያደርገው ነገር ያስፈልጋል። ኮላጅንን የሚይዘው ፕሮሊን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ኦክስጅን ሲጨመርበት ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም፣ የሰውነትን ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ መሃሉ ላይ ብረት አለው። ብረቱ በሥራ ላይ እያለ አንዳንዴ ይበላሻል፤ ዝገት በሉት። ቫይታሚን ሲ ዝገቱን እየጠረገ ኢንዛይሙን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ይህ ካልሆነስ? ኦክስጅን ያልተጨመረበት የኮላጅን ገመድ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈታል። የተጨመረበት እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ይዘልቃል። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ቫይታሚን ሲ የሌለው ሰው የሚሠራው ኮላጅን በገዛ ሰውነቱ ሙቀት የሚፈታ ገመድ ነው ማለት ነው።

የዚህ በሽታ ስሙ ስከርቪ ነው። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ የዳነ ጠባሳ እንደገና ይከፈታል። ጽሑፉ ስለ ብሪታኒያ ባሕር ኃይል ሐኪሙ ስለ ጄምስ ሊንድ ያነሳው ትክክል ነው። በ1747 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሳልስበሪ በምትባል መርከብ ላይ 12 በሽተኛ መርከበኞችን ሁለት ሁለት እያደረገ ከፍሎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በቀናት ውስጥ ተሻላቸው። ጸሐፊው የረሱት ግን በሽታው የመርከበኞች ብቻ አለመሆኑን ነው። በ1980ዎቹ ወደ ሱዳንና ወደ ሶማሊያ የተሰደዱ ወገኖቻችን በየመጠለያ ካምፑ በስከርቪ ተይዘዋል። ራሽኑ እህል፣ ዘይትና ጥራጥሬ ነበር፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ አልነበረውም። እነዚያ ሰዎች የጎደላቸው ሎሚና ቃሪያ ነው። ይህን የማነሳው ቫይታሚን ሲ ቀልድ አለመሆኑን ከጸሐፊው እኩል እንደማምን እንዲታወቅልኝ ነው።

እዚህ ድረስ አብረን ነን።

«ስለዚህ በጨመርን ቁጥር ይጨምራል» ሲሉ ነው የተለያየነው። ለእንጀራ እርሾ ያስፈልጋል። እርሾ ከሌለ ሊጡ አይቦካም። እርሾውን አሥር እጥፍ ብታደርጉት ግን እንጀራው አሥር እጥፍ አይሆንም። እንጀራ የሚያበዛው ዱቄት ነው፤ ከዱቄቱም በኋላ ምጣዱና ጋጋሪዋ አሉ። ኮላጅንም እንደዚያው ነው። ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ጤነኛ ሕዋስ ያስፈልገዋል፣ «ሥሩ» የሚል ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ሥራው ይቆማል። ሲበቃ ሥራው ይሄዳል። ከበቃ በኋላ የሚጨመረው ኢንዛይሙን አያፈጥነውም፤ የሚጠረግ ዝገት የለማ።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ በሰው ላይ ተሞክሯል። ጆን ክራንደን የሚባል የቦስተን ወጣት ቀዶ ሐኪም በ1939 ራሱን በራሱ መሞከሪያ አደረገ። ለስድስት ወር ቫይታሚን ሲ የሌለው ምግብ ብቻ በላ። በሦስተኛው ወር ጀርባው ላይ ሆን ተብሎ ተቆርጦ ተሰፋ። ቁስሉ ደህና አድርጎ ዳነ፤ ያኔ ደሙ ውስጥ ቫይታሚኑ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል። በስድስተኛው ወር እንደገና ተቆረጠ። አሁን ግን ከላይ ቆዳው የተዘጋ ይመስላል፣ ሥሩ አልያዘም። ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ሲሰጠው በ10 ቀን ውስጥ ዳነ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ሰውየውን ማድነቅም መገሠጽም ያምረኛል። ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ቫይታሚን ሲ የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውነት ጎተራው ሙልጭ እስኪል ድረስ ለወራት ይታገሣል። ብርቱካን ሳንበላ ያደርን ዕለት ቆዳችን አይፈርስም።

ቀጥሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ፣ በሳይንቲስቱ በሃንስ ክሬብስ መሪነት ወደ 20 የሚሆኑ ፈቃደኞች ተጠኑ። ከፊሎቹ ምንም ቫይታሚን ሲ አልተሰጣቸውም፣ ከፊሎቹ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከፊሎቹ 70። ያልተሰጣቸው ታመሙ። 10 ሚሊ ግራም ስከርቪን ለመከላከል በቃ። 10! አንዲት የብርቱካን ቁራጭ ናት።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመልስላቸው። 10 ሚሊ ግራም ለሁሉም ነገር ይበቃል ማለት አይቻልም። በ2022 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች የሸፊልዱን መረጃ አውጥተው በአዲስ ስሌት መረመሩት። ስከርቪን የከለከለው መጠን ጠባሳውን በደንብ ለማጠንከር እንደማይበቃ አገኙ። ለብዙው ሰው የሚበቃው በቀን 95 ሚሊ ግራም ገደማ ነው አሉ። ስለዚህ «ስከርቪ ከሌለህ ምንም አልጎደለህም» የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጎን ነኝ። ብቻ 95 እና 2000 አንድ አይደሉም።

ሰውነትም ራሱ በር አለው። በ1996 የወጣው የማርክ ሌቪንና የባልደረቦቹ ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን ለወራት ሆስፒታል አስተኝቶ፣ የሚሰጣቸውን መጠን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ደማቸውን ለካ። ሕዋሳቱ በቀን 100 ሚሊ ግራም ሲያገኙ ሞሉ። ደሙ ውስጥ ያለውም ከ200 በኋላ ከፍ የሚለው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከዚያ በላይ ስትውጡ አንጀት የሚቀበለው እጅ እያነሰ ይሄዳል፣ ኩላሊትም የተረፈውን ያፈስሳል። የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ለአዋቂ ሴት 75፣ ለአዋቂ ወንድ 90 ሚሊ ግራም የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሚያጨስ ሰው 35 ይጨምራሉ።

አሁን ወደ ፎቶዋ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ቤቴ ስለሆነ።

ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግራ ጨለማ፣ በቀኝ የሚያምር አረንጓዴ የክር ጫካ። የተነሱት ሰከንድ ሃርሞኒክ ጀነሬሽን በሚባል ዘዴ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። እጅግ አጭር በሆነ ምት የሚተፋ ሌዘር ቲሹው ላይ ይተኮሳል። ብርሃኑ ከቀይ አለፍ ያለ፣ ዓይን በቅጡ የማያየው፣ ለምሳሌ 800 ናኖ ሜትር ነው። ኮላጅን ላይ ሲያርፍ አንዳንዴ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተጣምረው አንድ ሆነው ይወጣሉ። የሚወጣው ጉልበቱ እጥፍ፣ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ይሆናል፤ 400 ናኖ ሜትር፣ ወይን ጠጅ መሳይ ብርሃን። ቀለም መቀባት አያስፈልግም፣ ቲሹውን መግደል አያስፈልግም። በ1986 የእስራኤሉ ባር-ኢላን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚህ ብልሃት የአይጥ ጭራ ጅማትን አጥንተው አሳትመዋል። እስከ ዛሬም በየላቦራቶሪው መሣሪያው ደህና መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚፈተሸው በአይጥ ጭራ ነው። እኔም ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ጭራና ቡና።

አረንጓዴው ቀለም ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ነው የቀባው። መሣሪያው የብርሃን ቅንጣት ይቆጥራል እንጂ ቀለም አያይም። ብትፈልጉ ቀይ፣ ብትፈልጉ ብጫ ታደርጉታላችሁ። የድምቀቱንም መጠን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ፎቶ ለማወዳደር ሁለቱም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ መነሳት አለባቸው። ጽሑፉ ይህን አይነግረንም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የድምቀቱ ትርጉም ነው። ጸሐፊው «ባበራ ቁጥር ኮላጅኑ በዛ» ብለው ወስደውታል። ይህ ብርሃን የሚወጣው ግን ከኮላጅኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከአደራደሩም ነው። አንድ ቀን ለአዲስ ተማሪ መሣሪያውን ሳሳይ ጅማቱን ከነመያዣው 90 ዲግሪ አዞርኩት። ያው ጅማት፣ ያው ሌዘር፣ ያው ቦታ። ስክሪኑ ደበዘዘ። ልጁ ያበላሸ መስሎት እጁን ሰብሰብ አደረገ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሌዘሩ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ከክሮቹ ጋር ሲገጥም ይደምቃል፣ ሲያቋርጣቸው ይደበዝዛል። ኮላጅኑ ግን አንዲት ክር እንኳ አልቀነሰም።

ሌላ ምሳሌ። ጅማቱን ውኃ ውስጥ ቀቅሉት። ፕሮቲኑ እዚያው አለ፣ ክብደቱ እዚያው አለ፤ ግን ገመዱ ስለተፈታ ብርሃኑ ይጠፋል። የእግር ሾርባ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር ይኸው የተፈታ ኮላጅን ነው። ከዚህም ሌላ ሕዋሳት የሚያርፉበትን ስስ ምንጣፍ የሚሠራው አራተኛው የኮላጅን ዓይነት ክር ስለማይሠራ በዚህ ዘዴ አይታይም። ኮላጅን ነው፣ ጨለማ ነው።

መድመቅስ ሁልጊዜ መልካም ነው? የጉበት ጠባሳን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንኑ ማይክሮስኮፕ ይጠቀማሉ። ጤነኛ ጉበት ብዙም አያበራም። እየጠነከረ የሄደ፣ የታመመ ጉበት ግን እንደ ገና ዛፍ ያበራል። በጡት ካንሰርም እብጠቱ ዳር ላይ ክሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ሲሰለፉ መጥፎ ምልክት እንደሆነ ታይቷል። በጸሐፊው ሚዛን ብንመዝን እነዚህ ሕመምተኞች ሁሉ «ኮላጅናቸው ያማረ» ሊባሉ ነው።

ግን ዋናው የፎቶዋ ችግር ይህም አይደለም። ሥሯ ላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ላነበበ፣ ያቺ ፎቶ የሰው ቆዳ አይደለችም። ሳህን ላይ ያደጉ ሕዋሳት ናቸው። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት በተለምዶ የሚመገቡት ፈሳሽ ቫይታሚን ሲ የለበትም። እንግዲህ የግራው ፎቶ ዜሮ ነው፤ ክራንደን በስድስተኛው ወሩ። የቀኙ ደግሞ በቂ የተሰጠው ነው። በዜሮና በበቂ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፣ ፎቶዋም ቆንጆ አድርጋ ታሳየዋለች። ከምንም ወደ በቂ መሄዱን እንጂ ከበቂ ወደ ብዙ መሄዱን ግን አታሳይም። ጸሐፊው እንድንገዛ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ስለ ሳሎኑ መሣሪያ ብዙ አልልም። ያነሳሁት ሌዘር ጠረጴዛ የሚሞላ፣ ዋጋው ቤት የሚያስገዛ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ቆዳ ውስጥ የሚያየው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ነው። ጥሩ የሕክምና ምስል መሣሪያዎች የሉም ማለቴ አይደለም። በ1991 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነው ኦሲቲ የሚባለው ዘዴ ዛሬ በየዓይን ክሊኒኩ የሬቲናን ንብርብር ያሳያል፤ ቆዳም ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይገባል። የሳሎኗ የእጅ መሣሪያ ግን ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። ብዙውን ጊዜ ካሜራና አምፖል ናት። ነጠብጣብ፣ ሽብሽብታ፣ የቆዳ ቀዳዳ ታያለች፤ ከዚያ ፕሮግራሙ «ኮላጅን 64 በመቶ» ይላል። ክሬም ስትቀቡ የቆዳው ገጽ ይረጥባል፣ ብርሃኑን በሌላ መንገድ ይመልሳል፤ በ5 ደቂቃ «ወደ 78» ይወጣል። በውኃም ይሞከር እስቲ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እኛን ስለሚመለከት። ብርሃን የሚያነብ መሣሪያ ሁሉ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠውን ሜላኒን ማለፍ አለበት። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ፣ ተፈትኖ ሆስፒታል የገባው፣ በ2020 በወጣ የአሜሪካ ጥናት በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን ማነስን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ያህል እያሳለፈ መገኘቱ ታውቋል። ሆስፒታል ያለው እንዲህ ከሳተ፣ ማን እንደፈተናት የማይታወቀውን የሳሎን መሣሪያ በእኛ ቆዳ ላይ በመቶኛ ማመን ይከብደኛል።

«ከማዕዳችን የሚገኝ ነገር የለም» ያሉት ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አበሳጨኝ። እሳት ቫይታሚን ሲን መጉዳቱ እውነት ነው። ረጅም ሰዓት ከተቀቀለና ውኃው ከተደፋ ከግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል። ከምጣድና ከድስት የማይገባውስ? ስንግ ቃሪያ ማን ያበስለዋል? ሰላጣ ላይ የሚጨመቀው ሎሚስ? ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ? ከሁሉ በላይ ዘይቱን፣ አንዳንዱ ጉዋቫ የሚለው፣ በ100 ግራም ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካን የሚይዘው የዚህን ሩብ ገደማ ነው። ጓሮ ወድቆ ወፍ የሚበላው ዘይቱን ጸሐፊው ከሚያስተዋውቁት እንክብል ጎን ቢቆም አያፍርም።

ቃሪያን ካነሳሁ አይቀር። ቫይታሚን ሲን ለይቶ ያወጣው የሃንጋሪው አልበርት ሴንት-ጆርጂ ለምርምሩ የሚበቃ መጠን አጥቶ ተቸግሮ ነበር። ይኖር የነበረው በበርበሬዋ በታወቀችው ሴገድ ከተማ ነው። አንድ ቀን ሚስቱ ለራት ትኩስ ቃሪያ አቀረበችለት። መብላት አላሰኘውም፤ ይዞት ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ቫይታሚኑ ሞልቶበት ተገኘ። በሳምንታት ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር አወጣ፣ በ1937 ኖቤል ተሸለመ። የኛ ሰው በየምሳው የሚበላውን ነው የሰውየው ላቦራቶሪ ሲያሳድድ የነበረው።

ደርቆ የተፈጨው በርበሬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማድረቅና ማቆየት ብዙውን ያጠፋል። ለጸሐፊው ይህን እሰጣለሁ። ሌላም እሰጣለሁ። አትክልትና ፍራፍሬ ተወዶ ቤቱ የማይገባለት ሰው ብዙ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥርሳቸው የማይችል አዛውንት አሉ። የሚያጨስ አለ፣ ምግብ የማያስመጥጥ የአንጀት ሕመም ያለበት አለ። እነዚህ ሰዎች ሐኪም ጠይቀው እንክብል ቢወስዱ ተቃውሞ የለኝም። ከምግብ ጋር የተወሰደ ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ለማስገባትም ይረዳል። ድድ መድማቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የስከርቪ ምልክት አይደለም፤ ጥርስ ሥር የተጋገረ ቆሻሻ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ነው መሄድ።

ሳሎን ስለሚቀባው ክሬምም ፍትሐዊ ልሁን። ቫይታሚን ሲ ያለበት ቅባት ጨርሶ ዋጋ የለውም አልልም። ቆዳን እንዲያልፍ ግን ጠንከር ያለ አሲድ ሆኖ መሠራት አለበት፤ የፒኤች መጠኑ ከ3.5 በታች። አየርና ብርሃን ደግሞ በቶሎ ያበላሹታል። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ ቡናማ የሆነው ጠርሙስ ያለፈበት ነው፤ ዋጋው ባያልፍበትም።

«ትርፉ በሽንት ይወጣል» መባሉ እውነት ነው፤ ሲወጣ ግን በኩላሊት በኩል ነው የሚያልፈው። ከቫይታሚን ሲ ከፊሉ ወደ ኦክሳሌት ይቀየራል፤ ኦክሳሌት የኩላሊት ጠጠር ዋና ግብዓት ነው። በ2013 የወጣ የስዊድን ጥናት የቫይታሚን ሲ እንክብል የሚወስዱ ወንዶች ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ ሲጠጋ አይቷል። ጸሐፊው የመከሩት 2000 ሚሊ ግራም የአሜሪካ ባለሙያዎች ለአዋቂ ሰው የመጨረሻ ጣሪያ ነው ያሉት ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ሆድ ይበጠብጣል። ሰውነቱ ብረት የሚያከማች በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ ሊጠነቀቅ ይገባል። አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት በጠጠር ሌሊቱን ሙሉ ስትንከባለል አድራለች። ጽሑፉ «ማንንም አይጎዳም» ሲል እሷንም ጨምሮ ነው።

የ7 ቀኑ ነገር ቀረኝ። የቆዳ ኮላጅን ዝግ ያለ ነገር ነው። ተለክቶ ግማሹ ለመተካት 15 ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ታውቋል። በመገጣጠሚያ ላይ ያለው የልም አጥንት ኮላጅን ከ100 ዓመት ይበልጣል፤ አብሮን ነው የሚቀበረው። ቁስል ሲኖር ሥራው ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ያልቆሰለ ቆዳ ግን በ7 ቀን አዲስ ኮላጅን አይለብስም። በሳምንት ውስጥ ፊታችሁ አማረ ካላችሁ ተኝታችኋል፣ ውኃ ጠጥታችኋል፣ ወይም ጥሩ ቅባት ተቀብታችኋል። ሦስቱም ደህና ነገር ናቸው።

ለአክስቴ በድምፅ መለስኩላት። «እንክብሉ ይቅርብሽ፣ በጠጠር የታመምሽ ሰው ነሽ። ጓሮሽ ያለውን ዘይቱን ብዪ» አልኳት። «ትል አለበት» አለች። ከፍሎ ማየት ነው።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሁለት ፎቶ አሳይተውናል፤ ሦስተኛ ይጨምሩልን። አንዱ ቫይታሚን ሲ የሌለው፣ አንዱ በቀን 100 ሚሊ ግራም የሚያገኝ ሰው ቆዳ፣ አንዱ 2000 የሚወስድ ሰው ቆዳ። ሦስቱም በአንድ ሌዘር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ጥልቀት ይነሱ። ሦስተኛው ከሁለተኛው በልጦ ቢያበራ ስለ መጠኑ የጻፍኩትን እኔው ራሴ እሰርዛለሁ።